ቲፕና ታክስ በሲያትል

ሲያትል ውስጥ ምግብ እያደረስኩ ነው የምኖረው፤ ስለ ቲፕ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1909 ቲፕን በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ሕጉ በ1913 ተሻረ።

የግዛቱ የሽያጭ ታክስ ደግሞ የመጣው በ1935፣ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነው፤ 2 በመቶ። ከአንድ ሳንቲም ያነሰውን ታክስ ሰዉ የሚከፍለው ግዛቱ ባሠራው ትንሽ የአሉሚኒየም ቶከን ነበር። ለጥቂት ሳንቲም ግዢ እንኳ! ድሃው ላይ መክበዱ ያኔም ግልጽ ነበር።

ዛሬ ታክስ በሚከፈልበት ዕቃ ላይ የማድረሻ ክፍያውም አብሮ ይታከሳል። በፈቃድ የሚሰጥ ቲፕ ግን ከሽያጭ ታክስ ነፃ ነው፤ በግዴታ የተጫነው የአገልግሎት ክፍያ ይታከሳል። ትክክል ነው እላለሁ፤ ስጦታ ሽያጭ አይደለምና።

ወገኖቼ፣ ደረሰኙ ላይ የማድረሻ ክፍያ ስታዩ ለአድራሹ የተሰጠ አይምሰላችሁ። ቲፑን ለብቻው ስጡ።