የካልካታ የራግቢ ማኅበር ቀሪ ገንዘብ ታሪክ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፤

ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሳሳኝን ምክንያት ላስረዳ።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የሰፈራችን ሰው በልማት ምክንያት ወደየአቅጣጫው እየሄደ አባላችን ስለ መቀነሱ ሲነሳ፣ አንዲት እናታችን «ወደፊት ዕድሩ ቢፈርስ ባንክ ያለው ገንዘብ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ብዙ ሰው አስቆጣ። «ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ያሉ ነበሩ። «እንካፈለዋ፣ የራሳችን ገንዘብ አይደለም እንዴ?» ያሉም ነበሩ። ጊዜው ስለመሸ ነገሩ ሳይወሰን በቀጠሮ አደረ። እኔ በዚያ ቀን እጄን አላወጣሁም። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ስላሳለፍኩ ከመናገር ይልቅ መጻፍ ይቀናኛል። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ጉድለት ብታገኙበት ይቅር በሉኝ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ከፍቶ አንድ የፈረንጅ ጨዋታ ሲያይ አብሬው ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው ራግቢ ይባላል። ኳሱ ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። በእጅ ተይዞ ይሮጣል፤ ለጓደኛ በእጅ ሲወረወር ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይፈቀድም። ከባላጋራ መስመር ማዶ መሬት ያስነካው ነጥብ ያገኛል። ዛሬ ከየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል፤ በጥንቱ ጊዜ ግን 20 ነበር። እንግሊዝና ስኮትላንድ ነበሩ የሚጋጠሙት። በመጨረሻ ላይ ዋንጫው ሲመጣ ክዳኑ ላይ ዝሆን ቆሞበታል፣ እጀታዎቹ ደግሞ ሦስት እባቦች ናቸው። «እንግሊዝ አገር ዝሆን ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ከስልኩ እያነበበ፣ እኔም በቢሮ እንግሊዝኛዬ እየተከተልኩ፣ ነገሩን እስከ ሥሩ አገኘነው። ይገርማችኋል፤ የዚያች እናታችን ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሕንድ በእንግሊዝ በምትገዛበት ዘመን ዋና ከተማዋ ካልካታ ነበረች። ዛሬ ኮልካታ ትባላለች። በ1872 በፈረንጆች ገና ቀን፣ በዚያ ከተማ የሚኖሩ እንግሊዞች 20 ሆነው፣ ስኮትላንዶች፣ አየርላንዶችና ዌልሶች ደግሞ አንድ ላይ 20 ሆነው ራግቢ ገጠሙ። እኛም አገር በገና ቀን ገና እንጫወት የለም? በዓልና ጨዋታ በሁሉም ዘንድ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ጨዋታው እጅግ ስለተወደደ በሳምንቱ ተደገመ። በዚያው ወር፣ ማለትም በጥር 1873፣ ተሰብስበው «የካልካታ የኳስ ክለብ» የሚባል ማኅበር መሠረቱ። በ1874ም የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር አባል ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ አባሉ ብዙ ነበር። አንደኛው ምክንያት ግን የኳስ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ክለቡ ለአባላቱ መጠጥ በነፃ ያቀርብ ነበር። ነፃ መጠጡ ሲቀር ሰው እያነሰ ሄደ። በእኛም ዘንድ ለእዝኑ ሳይሆን ለንፍሮው የሚመጣ አይጠፋምና ብዙ አንፍረድባቸው። በዚህ ላይ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ወታደሮች ስለነበሩ፣ ክፍለ ጦሩ ከከተማው ተዛውሮ ሲሄድ ሌላ ጉድለት ሆነ። የአገሩም አየር ለዚህ ጨዋታ አይመችም። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ብዙዎቹም ከራግቢው ይልቅ ፖሎና ቴኒስ ይሻለናል ብለው ወደዚያ ዞሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ክለቡ መቆም የማይችልበት ደረጃ ደረሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አባል ቀንሷል፤ ገንዘብ ግን ባንክ አለ። ልክ እንደ እኛ ጥያቄ።

በዚያን ጊዜ የክለቡ አምበል ሮትኒ የሚባል ሰው ነበር። ይኸው ሰው ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም ነበር። በእኛ ዕድር ደንብ ቢሆን ሂሳብ መርማሪዎቹ በፍጹም አይስማሙም፤ እኔም አልስማማም። ነገር ግን ሰውየው ታማኝ ሆነ። ገንዘቡን እንካፈል አላሉም። ቀሪው ሳይበላሽና የክለቡ ስም ሳይረሳ እያለ ይወሰን ብለው በ1877 መጨረሻ ለእንግሊዙ ራግቢ ማኅበር ሐሳባቸውን በደብዳቤ አሳወቁ። ከዚያም ሂሳባቸውን ዘግተው ያላቸውን 270 የብር ሩፒ ከባንክ አወጡ፤ አቅልጠውም ዋንጫ አሠሩበት።

በመዝገብ ቤት ልማዴ ይህን በሚዛን አስልቼዋለሁ። የዚያን ጊዜ አንዱ ሩፒ 11.66 ግራም ይመዝን ነበር፤ 270ው ከሦስት ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። አባቶቻችን በሚያውቁት በማርትሬዛ ብር ቢመዘን ወደ 112 ጠገራ ብር ግድም መሆኑ ነው። ብዙ ሀብት አይደለም። ለአባላቱ ቢከፋፈል ለያንዳንዱ የጥቂት ቀን ወጪ ሆኖ ያልቅ ነበር፤ ዛሬም ስማቸውን የሚያነሳ ባልኖረ።

ዋንጫው በሕንድ አንጥረኞች የእጅ ሥራ የተጌጠ ነው። ቁመቱ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስቱ እጀታዎች የእባብ፣ ያውም የኮብራ ቅርጽ ናቸው፤ በክዳኑ ላይ ዝሆን አለ። እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳልናገር አላልፍም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉት የካልካታ የፈረንጅ ክለቦች የአገሩን ተወላጅ አባል አያደርጉም ነበር። የሕንዱ ሰው ክለቡ ውስጥ አይቀመጥም፤ ክለቡን ከመረሳት ያዳነው ግን የሕንዱ ሰው እጅ ነው።

ዋንጫው በ1878 ለእንግሊዙ ራግቢ ማኅበር በየዓመቱ ውድድር እንዲደረግበት ተብሎ ተሰጠ። ሰጪዎቹ ክለቦች እንዲወዳደሩበት ፈልገው ነበር፤ ተቀባዮቹ ግን እንግሊዝና ስኮትላንድ በየዓመቱ ይግጠሙበት ብለው ወሰኑ። የመጀመሪያው ግጥሚያ መጋቢት 10 ቀን 1879 በኤዲንብራ ሆነ፤ እኩል ለእኩል ስለወጡ የወሰደው የለም። በሚቀጥለው ዓመት በማንቸስተር እንግሊዝ አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜና በሌሎች ጥቂት ዓመታት ካልሆነ በቀር አልተቋረጠም። በ2025 እንግሊዝ 16 ለ 15፣ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ ወስዳዋለች። ዋንጫው የቆመበት እንጨት ላይ የየግጥሚያው ቀን፣ ያሸነፈው አገርና የሁለቱ አምበሎች ስም ተቀርጿል። ይህ ለኔ ከዋንጫው ይበልጣል፤ መዝገብ ነውና።

የጋራ ንብረት የሚገጥመው አደጋ ደግሞ አልቀረለትም። በ1988 ከግጥሚያው በኋላ፣ መጠጥ የቀመሱ ተጫዋቾች ዋንጫውን ወደ ኤዲንብራ አውራ ጎዳና አውጥተው እንደ ኳስ ሲጫወቱበት ክፉኛ ጎድተውታል። ከየወገኑ አንድ አንድ ተጫዋች ተቀጣበት። ዋንጫው ተጠግኗል፤ ግን አቅሙ ስለደከመ ሁለቱም አገሮች ምስያውን አሠርተው ይገለገላሉ። የእኛን ድንኳንና ድስት የሚዋስ ሁሉ ይህን ቢያስብ ደግ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ሁለተኛ ትምህርት አለው። በዚያው ከተማ ሌላ ክለብ ነበር። የክሪኬት ክለብ ሲሆን በ1792 እንደነበረ ይታወቃል። ክሪኬት ማለት የእንግሊዞች በትርና ኳስ ጨዋታ ነው። የራግቢው ማኅበር ከፈረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1884፣ ራግቢን እንደገና ያነሳው ይኸው የክሪኬት ክለብ ነው። የካልካታ የኳስ ክለብ የሚለውም ስም አልቀረም፤ በዚያ ስም የሚጠራው ክለብ ኋላ በእግር ኳስ የታወቀ ሆነ። በ1965 ሁለቱ ክለቦች ተዋሐዱና «የካልካታ ክሪኬትና የኳስ ክለብ» ተባሉ። ዛሬ በአንድ ግቢ ክሪኬቱም፣ እግር ኳሱም፣ ሆኪውም፣ ራግቢውም አለ። ተጫዋቾቹም የአገሩ ልጆች ናቸው።

ልዩነቱን አያችሁ? በአንድ ጨዋታ ብቻ የቆመው ያ ጨዋታ ሲደክም አብሮ ወደቀ። ብዙ ጨዋታ በአንድ ጥላ ሥር የያዘው ግን፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየደገፈው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። እኛም አገር ይህ አልታየም አይባልም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችንና የታመሙትን ወደ መርዳት ገብተዋል። ዕድር ለሞተ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለቆመም ሲሆን፣ ወጣቱ የሚገባበት በር ያገኛል። የልጅ ልጄ «አባባ፣ እኔ ዕድር ገብቼ ምን እሠራለሁ?» ሲለኝ ያፈርኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ ያች እናታችን አላሟረቱም። ትክክለኛ ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓት ነው የጠየቁት። የካልካታ ሰዎች ጥበባቸው ዋንጫ ማሠራታቸው አይደለም፤ ለመወሰን የሚበቃ ሰው እያለ መወሰናቸው ነው። ሦስትና አራት ሰው ሲቀር የሚወሰን ውሳኔ ጠብ እንጂ ውሳኔ አይሆንም።

እኔ ዋንጫ እናሠራ አላልኩም፤ ሳትስቁብኝ። ያልኩት ይህን ነው። በመጪው ስብሰባ ሁለት ነገር በቃለ ጉባኤ ይስፈር። አንደኛ፣ ከቀብር ሌላ ልጆቻችንን የሚያስገባ አንድ ሥራ እንጀምር። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ሆኖ ዕድራችን መቆም ካልቻለ፣ ገንዘቡም ድንኳኑም ለማን እንደሚተላለፍ ዛሬውኑ በደንባችን እንጻፍ። እንካፈል የሚለው ሐሳብ ሕገ ወጥ ነው አልልም። ግን ያ ገንዘብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከፍለው ከፍለው እዚያው አፈር የገቡት የእናት የአባቶቻችን መዋጮም አለበት። እነርሱ እጃቸውን ማውጣት አይችሉም።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የዕድሩ አባል