ስክሪኑና መዝገቡ፦ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ምንድን ነው?

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የቴሌብር ቀሪ ሂሳቡንም ሆነ የቤት ዕጣ ውጤትን የሚያየው በስልኩ ስክሪን ላይ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን መዝገብ ግን አያየውም። ሁለቱ እንዳይጣረሱ ለማድረግ የፕሮግራም ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ይባላል።

በተለመደው አሠራር ተጠቃሚው ገንዘብ ሲልክ ፕሮግራሙ የስክሪኑን ክፍሎች አንድ በአንድ እየዞረ ይቀይራል። ባለሙያው አንዱን ክፍል ከረሳ ከላይ 500 ብር፣ ከታች 300 ብር የሚል ገጽ ይወጣል። የሽንኩርት ዋጋ ሊከፍል ለቆመ ነጋዴ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

በፈንክሽናል አሠራር ስክሪን በቁርጥራጭ አይጠገንም። መረጃው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይያዛል፤ ስክሪኑም ምንጊዜም ከዚያው መዝገብ ይሳላል። ፈንክሽን እንደ ወፍጮ ነው፦ ጤፍ ከገባበት የጤፍ ዱቄት ያወጣል፣ ትናንት በቆሎ መፍጨቱ ለውጥ አያመጣም። (እውነተኛው ወፍጮ እንኳ የትናንቱን ርዝራዥ መቀላቀሉ አይቀርም፤ ፈንክሽን ግን አይቀላቅልም።) ቁልፍ ሲነካ «200 ብር ተላከ» የሚል መልእክት ይነሣል። አንድ ፈንክሽን የቀድሞውን መዝገብና መልእክቱን ተቀብሎ አዲስ መዝገብ ያወጣል፤ ሌላው ፈንክሽን ከአዲሱ መዝገብ ስክሪኑን ይሠራል።

ይህን አካሄድ መልክ ካስያዙት አንዱ ኢቫን ቻፕሊኪ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኤልም የተባለ ቋንቋ ነው። ፌስቡክ በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት ደግሞ ሐሳቡን በዓለም አስፋፍቶታል። ኤልም አጻጻፉን በብዛት የወረሰው ከሃስኬል ነው፤ በዚሁ በሃስኬል እ.ኤ.አ. በ2019 አይኦኤችኬ የተባለ ኩባንያ በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያውያንና ለኡጋንዳውያን ሴቶች ሥልጠና ሰጥቷል።

ይሁንና ስክሪን ከመዝገቡ በላይ እውነተኛ ሊሆን አይችልም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ የተሰረዘው በተመዝጋቢዎች መረጃ ላይ ችግር በመገኘቱ ነበር፤ ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል። የተበላሸ መረጃ የተሰጠው ፈንክሽን የተበላሸውን አሳምሮ ያሳያል።

የፈንክሽናል አሠራር ጥቅም በዚህ ጊዜ ለአጣሪው ነው። ለውጥ ሁሉ በመልእክት ስለሚገባ፣ መልእክቶቹ በቅደም ተከተል ከተቀመጡ አጣሪው ከመጀመሪያው አንሥቶ ደግሞ ሊያስኬዳቸውና መዝገቡ የት ላይ እንደተለወጠ ሊያይ ይችላል። ከፕሮግራሙ ውጭ በቀጥታ ወደ መረጃ ቋቱ የገባን እጅ ግን ይህ ዘዴ አይከለክልም፤ እርሱን የሚከለክለው ማን ቋቱን መክፈት እንደሚችል የሚወስነው የፈቃድ አሰጣጥ ነው።