የአቃቂ ወረቀቶች የት ገቡ?

ከአቃቂ ስድስት ኪሎ መሄድ ማለት ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን ማቋረጥ ማለት ነው። ይህን ያህል ተጉዞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የደረሰ ሰው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ የጥንት ሥዕሎችና የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ያያል። ያየው ያስደንቀዋል። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፦ የአባቴ ታሪክስ የት ነው የሚታየው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት መጀመሪያ መስታወቱ ውስጥ ያለው ቅርስ እንዴት እዚያ እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በራሱ እግር ሄዶ የገባ የለም።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ነበር። ሥራው መጽሐፍ መደርደር ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን ሌላው ችላ ያለውን ሥዕል፣ መስቀልና የቤት ዕቃ ሳይቀር መሰብሰብ ጀመረ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ ተቋሙ ሲቆም፣ ስብስቡ ቤት አገኘ። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዓላማው እያዋጡ ቅርስ መግዛት ነበር። ዛሬ የምናደንቀው ሁሉ የተረፈው አንድ ሰው በጊዜው «ይህ ይጠቅማል» ስላለ ነው።

እንዲህ የሚል ሰው ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ መቅደላ ያሳያል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዝርፊያውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ከዚያ ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤተ መጻሕፍቱ የኢትዮጵያን ብራናዎች ዐውደ ርዕይ አድርጎ ሲያሳይ፣ የአገሩ ሰው የራሱን መጽሐፍ ለማየት ቪዛ ያስፈልገው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው፣ ያለ መጽሐፉ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስረድተው አስመልሰዋል። ሰነድ ሥልጣን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ወደ አቃቂ እንመለስ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ጥር 1927 ዓ.ም. የሬዲዮ ጣቢያው እዚሁ ተመረቀ፤ በወረራው ዋዜማ የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም የወጣው ከዚህ ነው። አባ ሳሙኤል ግድብ መብራት ሰጠ። ከነጻነት በኋላ የህንድ ባለሀብቶች የተሳተፉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ገበሬ ሠራተኛ የሆነው፣ በሰዓት መግባትና በፈረቃ መሥራት የለመደው እዚህ ሰፈር ነው።

የዚህ ሁሉ ማስረጃ ወረቀት ነው፦ የደመወዝ መዝገብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የቅጣት ደብዳቤ፣ የጡረታ ፋይል፣ ፎቶ የተለጠፈበት የሠራተኛ መታወቂያ። ፋብሪካ ሲሸጥ ማሽኑ ይቆጠራል፤ መሬቱ ይለካል። ወረቀቱን ማን ይቆጥረዋል? ዕድለኛው መጋዘን ውስጥ ለአይጥ ይቀራል፤ ሌላው በኪሎ ተሽጦ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል።

«ዩኒቨርሲቲው ብራናውን መጠበቅ ሳይበቃው የደመወዝ መዝገብ ይሰብስብ?» የሚል ይኖራል። ቦታና ገንዘብ ማጠሩ እውነት ነው። ግን ብርቅ ማለት ምንድነው? መዝሙረ ዳዊት በየደብሩና በየገዳሙ አለ፤ አንዱ ቢጠፋ ጸሎቱ አይጠፋም። የአንድ ፋብሪካ የ1950ዎቹ የደመወዝ መዝገብ ግን ምናልባት ቅጂ የለውም። እሱ ከተቀደደ ሴቷ ፈታይ ከወንዱ በስንት ያነሰ ይከፈላት እንደነበር፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ለምን እንደተባረረ የሚናገር አይኖርም። ዕድሜው 60 ዓመት ብቻ መሆኑ ብርቅነቱን አይቀንሰውም።

የሚያስፈልገው ደግሞ ትልቅ በጀት አይደለም። አንድ የታሪክ ክፍል፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ አንድ ስካነርና የአንድ ወር ዐውደ ርዕይ ይበቃል፤ መጀመሪያ እዚሁ አቃቂ፣ ቀጥሎ ስድስት ኪሎ። ጡረተኞቹ ይጠሩ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያ ስም ከፎቶው ጀርባ ካልተጻፈ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ብራናውን እንግሊዝ ወሰደው እያልን 150 ዓመት አዝነናል፤ ማዘናችን ተገቢ ነው። የአቃቂን ወረቀት ግን የወሰደው የውጭ ጦር የለም። ከጠፋ ያጠፋነው እኛ ነን፤ መልሱልን ብለን የምንጽፍለት ንግሥትም አይኖርም።

ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የአባታችሁ የፋብሪካ መታወቂያ ካለ አትጣሉት። ጀርባው ላይ ስማቸውንና የተቀጠሩበትን ዓመት ጻፉበት።