የዓሣ ገንዳ የውኃ ማጣሪያ፡ ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በጓሮ ገንዳ ወይም በሮቶ ዓሣ ማርባት የጀመረ ሰው ለወራት የደከመበትን ሀብት በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። ማታ መኖውን ሲሻማ የነበረ ዓሣ ጠዋት በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ለዚህ ዓይነቱ የጅምላ ሞት መንሥኤው ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዓሣው ራሱ ያስወገደው ቆሻሻ የመረዘው ውኃ ወይም የኦክስጅን እጥረት ነው። በመሆኑም ከዓሣ ጫጩትና ከመኖ ምርጫ እኩል የማጣሪያ ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል።

ማጣሪያ ምን ይሠራል?

ማጣሪያ ሁለት ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ፍግንና የመኖ ትርፍራፊን ከውኃው መለየት ሲሆን፣ ሁለተኛውና ከባዱ በዓይን የማይታየውን አሞኒያ ማስወገድ ነው። 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው አንድ ኪሎ ግራም መኖ በዓሣ ሲበላ 30 ግራም ገደማ አሞኒያ ወደ ውኃው ይገባል። ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በማጣሪያው ውስጥ ባሉ ጠጠሮች፣ ስፖንጆች ወይም ፕላስቲኮች ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ደግሞ ናይትራይትን አደጋው እጅግ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጣል።

እንግዲህ ገዥው የሚገዛው ዕቃ ለእነዚህ ሕያዋን መኖሪያ የሚሆን ቤት ነው። እነርሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን፣ ሙቀትና ያልተቋረጠ የውኃ ፍሰት ይፈልጋሉ። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጂን ለመለወጥ ባክቴሪያዎቹ ከአራት ግራም ተኩል በላይ ኦክስጅን ይጠቀማሉ።

የደጋና የቆላ ልዩነት

ማጣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ የአካባቢው ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር ስምንት ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር ግን ይኸው ውኃ መያዝ የሚችለው ስድስት ሚሊ ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተዘጋጀ መመሪያ የሚያዝዘው የአየር መጠን ለሰሜን ጎንደር ደጋ በቂ አይሆንም።

በዳባትና በደባርቅ ዋናው ችግር ቅዝቃዜ ነው። ቆሮሶ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ ሲሆን፣ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ እድገቱም ይገታል። የማጣሪያው ባክቴሪያም አብሮ ይዳከማል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድብ ባሕር ሲወረድ ደግሞ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። በዚያ ዓሣው ቶሎ ያድጋል፤ ይሁን እንጂ የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ አሞኒያም ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። በደጋ ሰፋ ያለ ማጣሪያ፣ ክዳን ያለው ገንዳና የተቆጠበ መኖ፣ በቆላ ደግሞ ጥላና ጠንካራ የአየር መስጫ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

የማጣሪያ ዓይነቶች

የስፖንጅ ማጣሪያ ከሁሉም ይረክሳል። ትንሽ የአየር መስጫ መሣሪያ ውኃውን በስፖንጁ ውስጥ ያሳልፋል። ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈጅም፤ ለጫጩት ማቆያና ለትንንሽ ገንዳዎች ተስማሚ ነው። ለብዙ ዓሣ ግን አቅም ያንሰዋል።

የበርሜል ማጣሪያ ለአነስተኛ አርቢ የተሻለ አማራጭ ነው። በመጀመሪያው በርሜል ዝቃጩ ይሰፍራል፤ በሁለተኛው ውስጥ የታጠበ ጠጠር፣ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ይሞላል። አንድ ፓምፕ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣል፤ ውኃው በራሱ ክብደት ተንጠባጥቦ ይመለሳል። ሲንጠባጠብም ከአየር ኦክስጅን ይቀላቅላል።

ዝግ የውጭ ማጣሪያ ለመስታወት ገንዳ የሚሠራ ነው። ውኃን በሚገባ ያጠራል፤ ድምፅም የለውም። ሆኖም መብራት ለሰዓታት ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ይሞታል። መብራቱ ሲመለስ በማጣሪያው ውስጥ የታቆረው ውኃ ሳይደፋ ከተለቀቀ ገንዳውን ይበክላል።

የአትክልት ማጣሪያ ጠጠር በሞላበት መደብ ላይ ሰላጣ፣ ቆስጣ ወይም ሌላ ቅጠላ ቅጠል በማልማት የሚሠራ ነው። ሌሎቹ ማጣሪያዎች የሚያስቀሩትን ናይትሬት ተክሎቹ ለምግብነት ይጠቀሙበታል።

ለውበት የሚረቡ ዓሦች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ የሆነው ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀና እጅግ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ ኃይለኛ የውኃ ግፊት ግን ያውከዋል። ለእርሱ ዝግ ማጣሪያን ከስፖንጅ ጋር አጣምሮ መጠቀም፣ የፍሰቱን ግፊት ማብረድና ውኃውን በሳምንት ደጋግሞ በከፊል መቀየር ይመከራል። የጣና ሐይቅ በሌላ ዓለም የማይገኙ የቢልጫ ዝርያዎች መኖሪያ በመሆኑ፣ ከውጭ የመጣን ዓሣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ መልቀቅ አይገባም።

መጠኑን እንዴት እናስላ?

የማጣሪያ መጠን የሚወሰነው በውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን በሚሰጠው መኖ ነው። 2 ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ 20 ኪሎ ግራም ዓሣ የሚያረባ ሰው፣ የዓሣውን ክብደት ሁለት በመቶ ቢመግብ በቀን 400 ግራም መኖ ይሰጣል። ከዚህ 12 ግራም ገደማ አሞኒያ ይወጣል። በሞቀ ውኃ አንድ ካሬ ሜትር የባክቴሪያ መኖሪያ ገጽ በቀን 0.3 ግራም ያስወግዳል ብለን ብንነሣ 40 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። በአንድ ሜትር ኩብ 200 ካሬ ሜትር ገጽ ያለው ቁስ ከተገኘ፣ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ ይበቃል ማለት ነው። ገጹ ከዚህ ላነሰ ጠጠርና ለቀዝቃዛ ውኃ ግን ሁለተኛ በርሜል መጨመር ይገባል። ፓምፑም የገንዳውን ውኃ ቢያንስ በሰዓት አንድ ጊዜ ማዞር አለበት።

መብራት ሲቋረጥ

ከላይ በተጠቀሰው ሮቶ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ፓምፑ ከቆመ በኋላ ዓሣውን የሚያቆየው ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ ውድ ማጣሪያ ገዝቶ መጠባበቂያ ኃይል አለማዘጋጀት ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ባለ 40 ዋት ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህን ሁሉ በባትሪ መሸፈን ለማይችል አርቢ፣ በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መስጫ ነፍስ አድን ነው። እርሱም ከሌለ ውኃውን በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ጊዜያዊ መፍትሔ ይሆናል። መብራት እስኪመለስ ድረስ መኖ መስጠት አይገባም።

አጀማመርና እንክብካቤ

አዲስ ማጣሪያ ባክቴሪያው እስኪራባ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገብቶ መኖን በጥቂቱ መስጠት ያስፈልጋል። በሽታ ከሌለበት ነባር ገንዳ አንድ እፍኝ ጠጠር ወስዶ መጨመር ሂደቱን ያፋጥናል።

ማጣሪያው ሲታጠብ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ በተራ ግማሽ ግማሹ ብቻ ይሁን፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላልና። ለገንዳው የሚጨመር የቧንቧ ውኃም አየር እየተሰጠው ቢያንስ አንድ ቀን ሊቆይ ይገባል። በክረምት የደፈረሰ የወንዝ ውኃ አስቀድሞ በሌላ ዕቃ ይጥለል።

ባክቴሪያዎቹ በሥራቸው የውኃውን አሲድነት ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ፒኤች በየሳምንቱ ይለካ። እየወረደ ከሄደ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በማጣሪያው ውስጥ ማኖር ይረዳል፤ የተቃጠለ ኖራ ግን ዓሣውን ሊፈጅ ስለሚችል መጨመር የለበትም። ከአሞኒያ ጋር ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲጨምር መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ስለሚያድግ፣ ሁለቱን አብሮ መለካት ያስፈልጋል።

ለመግዛት የተዘጋጀ አርቢ በቅድሚያ የሚያረባውን የዓሣ ክብደትና የዕለት መኖ ይወስን፤ ቀጥሎ የአካባቢውን የውኃ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይለካ፤ ከዚያም መብራት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቋረጥ ያጢን። እነዚህን ይዞ በየወረዳው ከሚገኙ የእንስሳት ሀብት ባለሙያዎች ወይም ከባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጋር ቢመካከር ለገንዳው የሚመጥነውን ለመምረጥ ይቀለዋል። ከማጣሪያው የሚወጣውን ዝቃጭም አይድፋው፤ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።