ቢትኮይንን በሞኔሮ ያለ ደላላ መለወጥ፦ የ«ስዋፕ» መሣሪያ አሠራር እና የእጅ በእጅ ጥያቄ



አንዱን ክሪፕቶ በሌላው መለወጥ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በሮች አሉት። ወይ ገንዘቡን ለአንድ የመገበያያ ድርጅት ያስረክባል፣ ወይ በቴሌግራም ያገኘውን ሰው አምኖ ቀድሞ ይልካል። ሁለተኛው በር ስንቱን እንዳስለቀሰ መናገር አያሻንም። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፤ መሐል ላይ አማና ተቀባይ ሳይኖር ልውውጡን ራሱ የሚያስፈጽም ፕሮግራም። ዛሬ የምናየው ቢትኮይንን በሞኔሮ የሚለውጠውን «ስዋፕ» የተባለ መሣሪያ ነው።

አስቀድመን ሕጉን እንናገር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። አገር ቤት ያላችሁ ይህን እያወቃችሁ አንብቡ። በሸሪዓ በኩልም ዑለሞች አልተስማሙም። የግብፅ ዳሩል ኢፍታእ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢትኮይን መገበያየት እንደማይፈቀድ ፈትዋ ሰጥቷል፤ የኢንዶኔዢያ ዑለማእ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ መገበያያ ገንዘብ መጠቀሙን ሐራም ብሏል፤ የሚፈቅዱም አሉ። እኛ ፈትዋ አንሰጥም። ከሚፈቅዱት ውስጥ ክሪፕቶን እንደ ገንዘብ የሚቆጥሩት ግን ልውውጡን በሰርፍ ሕግ ያዩታል፦ ዓይነቱ ከተለያየ መጠኑ ቢበላለጥ ችግር የለውም፣ ርክክቡ ግን እጅ በእጅ መሆን አለበት፤ ከዘገየ ወደ ሪባ ይገባል። ፉቀሃዎች ይህን ርክክብ «ቀብድ» ይሉታል። በአማርኛችን ቀብድ ከዋጋው ቀድሞ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ስለሆነ አታምታቱት፤ በፊቅህ ሙሉውን መረከብ ማለት ነው።

ታዲያ መሣሪያው ርክክቡን እንዴት ያካሂዳል? «ስዋፕ» ኮሚት በሚባል የገንቢዎች ቡድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእውነተኛ ገንዘብ አገልግሎት የዋለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በመስኮትና በአዝራር ሳይሆን ተርሚናል በሚባለው ጥቁር ገጽ ላይ ትዕዛዝ በመጻፍ ይሠራል። ሥራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ቢትኮይን ይሰጣሉ፣ ሞኔሮ ይቀበላሉ። ሻጩ በበኩሉ ሌት ተቀን ክፍት የሚተውን ሌላ ፕሮግራም ያሠራል። ሞኔሮ የላኪውን፣ የተቀባዩንና የመጠኑን መረጃ የሚሰውር በመሆኑ ከአንዳንድ ገበያዎች ወጥቷል (ባይናንስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አስወጥቶታል)። ብዙዎች ወደዚህ መሣሪያ የሚመጡትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከራሱ ከፕሮጀክቱ ገጽ አውርዳችሁ ፊርማውን አረጋግጡ፤ ሰው የላከላችሁን ፋይል አትክፈቱ። ቀጥሎ የሻጮችን ዝርዝር የሚያሳየውን ትዕዛዝ ስጡ። እያንዳንዱ ሻጭ ዋጋውን፣ ትንሹንና ትልቁን መጠን ያሳያል። ዋጋውን ከገበያው ጋር አስተያዩ፤ ሻጩ ትርፉን የሚያስገባው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ «ሞኔሮ ግዛ» የሚለውን ትዕዛዝ ከሦስት ነገሮች ጋር ትጽፋላችሁ፦ የመረጣችሁት ሻጭ አድራሻ፣ ሞኔሮው የሚገባበት የእናንተ አድራሻ፣ እና ነገሩ ከተበላሸ ቢትኮይኑ የሚመለስበት አድራሻ። ሦስተኛውን የራሳችሁ ዋሌት አድርጉት። ፕሮግራሙ ቢትኮይን የምትልኩበትን አድራሻ ይሰጣችኋል፤ ስትልኩ ልውውጡ ይጀመራል። የልውውጡን መለያ ቁጥር ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉት። መሣሪያው የሙከራ አሠራርም ስላለው የመጀመሪያውን ጊዜ ዋጋ በሌለው የሙከራ ገንዘብ ተለማመዱ።

ከውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የእናንተ ቢትኮይን የሁለታችሁም ፊርማ በሚያስፈልገው ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ሻጩ ይህን አይቶ ሞኔሮውን ይቆልፋል። የእናንተ ፕሮግራም አሥር የሞኔሮ ብሎክ፣ ማለትም ሃያ ደቂቃ ገደማ ጠብቆ የፊርማውን ድርሻ ለሻጩ ይልካል። ሻጩ ቢትኮይኑን ሲወስድ ሳይወድ በግድ አንድ ምስጢር ይገልጣል፤ ያ ምስጢር ሞኔሮውን የሚከፍት ቁልፍ ነው። ስለዚህ የእናንተን ወስዶ የራሱን መከልከል አይችልም።

ይህ እጅ በእጅ ነው ወይ? ጅዳ ላይ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 በቁጥር 53 ውሳኔው ገንዘብ ወደ ባንክ ሒሳብ መግባቱን እንደ ርክክብ ቆጥሮታል። ያ ግን ስለ ባንክ ነው። እዚህ ቢትኮይኑ በተቆለፈበትና ሞኔሮው በእጃችሁ በሚገባበት መካከል ክፍተት አለ። ዓሊም ስትጠይቁ «ክሪፕቶ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ይህን ቅደም ተከተል እንዳለ አስረዱ። በእኛ ግምት መልሱን የሚወስነው ይህ ነው።

ትልቁ አደጋ ሻጩ ሲጠፋ ወይም የእናንተ ኮምፒውተር ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ቢትኮይኑ ከተቆለፈ በኋላ 72 የቢትኮይን ብሎክ፣ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈ፣ ልውውጡን መሰረዝ ይቻላል። ከተሰረዘ በኋላ ቢትኮይናችሁን ማስመለስ የምትችሉበት ሁለተኛ የጊዜ ገደብ ይጀምራል። እናንተ ስታስመልሱ ሻጩም ሞኔሮውን የሚያስመልስበት ምስጢር ይገለጣል። ዝም ካላችሁ ግን የእሱ ሞኔሮ ተቆልፎ ይቀራል፤ በዚህ ምክንያት ገደቡ ሲያልፍ ቢትኮይኑን ጠቅልሎ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ያኔ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ይህ የሻጩ ማጭበርበር ሳይሆን የፕሮግራሙ ውል ነው።

ስለዚህ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ላፕቶፑን ሞልታችሁ፣ የሞባይል ኢንተርኔት አዘጋጅታችሁ፣ ከመተኛታችሁ ብዙ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከተቋረጠ ከመጀመሪያ አትጀምሩ፤ በጻፋችሁት መለያ ቁጥር «ቀጥል» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ፣ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይነሳል፤ የመሰረዣው ጊዜ ደርሶ ከሆነም ወደ ማስመለሱ ይሄዳል። ያስመለሰ ሰው ሙሉውን አያገኝም፤ ለመቆለፍ፣ ለመሰረዝና ለማስመለስ ለቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች የሚከፈለው ክፍያ ከእሱ ላይ ይቆረጣል። በፕሮግራሙ ውስጥ የተረፈ ቢትኮይን ካለ ቀሪ ሒሳቡን አይታችሁ ወደ ዋሌታችሁ አውጡት።