የተረሳ ሕግ የተሻረ ሕግ ነውን?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህራችን ከዕለቱ ትምህርት ወጣ ብለው፣ ቼስተር በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቅጥሩ ውስጥ የተገኘን የዌልስ ሰው በቀስት መግደል እስከ ዛሬ በሕግ የተፈቀደ ነው ሲሉ አጫወቱን። ሕጉ ተረሳ እንጂ አልተሻረም አሉን። እኛም ሳንጠራጠር በደብተራችን ጻፍነው። ኮሌጅ ገብተን የሕግ ታሪክ መጻሕፍትን ማገላበጥ ከጀመርን ወዲህ ግን ነገሩ እየከነከነን ስለ መጣ፣ እንዲህ ያሉት ወሬዎች የቱን ያህል እውነት እንዳለባቸው፣ ይልቁንም አንድ ሕግ ሞተ የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ለመመርመር ተነሣን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናመለክታለን።

እንግሊዞች ለዚህ ጉዳይ የተለየ መሥሪያ ቤት አላቸው። በ1965 የተቋቋመው የእንግሊዝና የዌልስ የሕግ ኮሚሽን ከሥራዎቹ አንዱ፣ ጊዜ ያለፈባቸውን ሕጎች እየለየ ፓርላማው እንዲሽራቸው ማቅረብ ነው። በዚህም መንገድ ከ3000 የሚበልጡ ሕጎች ተሽረዋል። ኮሚሽኑ በ2013 በሕዝብ አፍ የሚወሩትን እንግዳ ሕጎች መርምሮ ያገኘውን ገልጿል።

የመምህራችን ታሪክ በዚህ ምርመራ አልቆመም። የወሬው ምንጭ፣ ኦዌይን ግሊንዱር ዌልስን ይዞ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ባመፀበት ዘመን፣ በ1403 ለቼስተር ከተማ ወጣ የሚባል የሰዓት እላፊ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ በእርግጥ ስለ መውጣቱ እንኳ ማስረጃው ግልጽ አይደለም። ዛሬ የዌልስን ሰው በየትም ቦታ፣ በምንም መሣሪያ የገደለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው። በልደት በዓል የሥጋና የፍራፍሬ ጥፍጥፍ መብላት ክልክል ነው የሚባለውም እንዲሁ ነው። በ1644 የልደት በዓል ፓርላማው ካዘዘው ወርኀዊ የጾም ቀን ጋር ገጥሞ ነበር፤ ነገር ግን ንጉሥ በሌለበት ዘመን የወጡት ትእዛዞች፣ ዘውዱ በ1660 ሲመለስ ዋጋ አጡ። በፓርላማ አዳራሽ ውስጥ መሞት ክልክል ነው የሚለውን ወሬ ደግሞ የሚደግፍ አንድም ሕግ አልተገኘም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ወሬ ሐሰት አይደለም። ጥሩር ለብሶ ወደ ፓርላማ መግባትን የሚከለክለው የ1313 ሕግ አልተሻረም። በ1872 በወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ መሠረት ሰክሮ በአውራ መንገድ ላይ ፈረስ ወይም ከብት ይዞ መገኘት ያስቀጣል። (ከገበያ ማምሻ ጠላ ቀማምሶ በሬውን እየነዳ የሚመለሰው የእኛ ገበሬ እንኳን በዚያ አልተወለደ!) በ1839 የወጣው የለንደን ፖሊስ ሕግ በመንገድ ላይ ምንጣፍ ማራገፍን ይከለክላል፤ የበር ላይ ምንጣፍ ግን ከጧቱ 2 ሰዓት በፊት ከሆነ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሰሚው የሞተውን ካልሞተው መለየት የሚቸግረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱን ስንመረምር፣ በእንግሊዝ ሥርዓት ሕግ በእርጅና ወይም በመረሳት አይሞትም። ሕግን የሚሽረው ሌላ ሕግ ብቻ ነው። በጎረቤቲቱ በስኮትላንድ ከ1707 በፊት የወጡት የቀድሞው ፓርላማዋ ሕጎች ለረጅም ዘመን ሳይሠራባቸው ቢቀሩ እንደ ቀሩ ሊቈጠሩ ይችላሉ፤ በእንግሊዝ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ነገር አለመሆኑን የሚያሳየን የሜሪ አሽፎርድ ጉዳይ ነው።

ሜሪ አሽፎርድ በበርሚንግሃም አጠገብ በምትገኘው በኤርዲንግተን አካባቢ ትኖር የነበረች የ20 ዓመት ልጃገረድ ናት። በግንቦት 1817 ለጭፈራ በወጣችበት ሌሊት ማግሥት ሬሳዋ ውሃ ባቈረ ጕድጓድ ውስጥ ተገኘ። በጭፈራው ቦታ አብሯት የነበረው አብርሃም ቶርንተን የተባለ ግንበኛ ተይዞ በነሐሴ ወር በዋሪክ ከተማ ተከሰሰ፤ ዳኞች ሆነው የተቀመጡት የሕዝብ ሰዎችም በጥቂት ደቂቃ ምክር ነጻ አወጡት። ሕዝቡ ግን በፍርዱ እጅግ ተቈጣ። ያን ጊዜ የሟች ወራሽ፣ ተከሳሹ በመንግሥት ክስ ነጻ ቢወጣም እንኳ፣ በራሱ ስም የደም ክስ ማንሣት ይችል የነበረበት አሮጌ ሕግ ትዝ አላቸው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በአገራችንም በጥንት ጊዜ ባለ ደም የሚባለው የሟች ዘመድ ነበር። የሜሪ ወንድም ዊልያም በዚሁ ሕግ ከሰሰ።

ዳሩ ግን አሮጌ ሕግ ብቻውን አይነሣም፤ ጓዙን ይዞ ይነሣል። በኅዳር ወር በለንደን ችሎት ፊት የቀረበው ቶርንተን፣ አልገደልሁም፣ ይህንንም በሥጋዬ ተዋግቼ አስመሰክራለሁ ብሎ የእጅ ጓንቱን ከወለሉ ላይ ጣለ። የእኛ አባቶች በሙግት ጊዜ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ይህ ግን ነፍሱን ማስያዙ ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ያስገቡት ይህ የፍልሚያ ፍርድ፣ ተከሳሹ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ተዋግቶ ከዋክብት እስኪታዩ ከጸና ነጻ የሚወጣበት፣ ከተሸነፈ ግን የሚሰቀልበት ሥርዓት ነበር። ሴቶች፣ ካህናትና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ብቻ ሳይሆኑ የለንደን ከተማ ባላገሮችም ፍልሚያውን እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። ዊልያም አሽፎርድ ግን ከእነዚህ ወገን አልነበረም፤ ይልቁንም ሰውነቱ ደቃቃ የሆነ ወጣት ነበር።

በሚያዝያ 1818 ዳኞቹ፣ በዋናው ዳኛ በሎርድ ኤለንቦሮ መሪነት፣ የፍልሚያው ሕግ ስላልተሻረ ተከሳሹ መብቱ አለው፤ እኛም መፍረድ ያለብን እንደ ምኞታችን ሳይሆን ሕጉ እንዳለ ነው አሉ። ዊልያም መዋጋት ስላልቻለ ቶርንተን በነጻ ተለቀቀ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደ። በእኛ አስተያየት ዳኞቹን ለመውቀስ ያስቸግራል። ሕግ ያልሻረውን እነርሱ በገዛ ፈቃዳቸው ቢሽሩ ኖሮ ነገ ደግሞ የወደዱትን ሁሉ በሻሩ ነበር። የሚወቀሰው፣ ይህን ያህል ዘመን ሕጉን ሳያነሣ የቈየው ፓርላማ ነው። እርሱም በ1819 የደም ክሱንም ፍልሚያውንም በአንድ ሕግ ሻረ፤ ለዊልያም አሽፎርድ ግን ዘግይቶበት ነበር።

በአገራችን የተያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ የፍርድ መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በ3347ኛው ቍጥሩ፣ በተለይ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ በሕጉ በተመለከቱት ጉዳዮች ላይ ከዚያ በፊት ይሠራባቸው የነበሩትን ደንቦች፣ የተጻፉትንም የልማዱንም፣ በአንድ ጊዜ ሻራቸው። እንግሊዞች ከመቶ ዓመታት ጀምሮ አንድ በአንድ የሚለቅሙትን እኛ በአንድ ቍጥር ጠረግነው ማለት ይቻላል።

ይሁንና «በሕጉ በተመለከቱት ጉዳዮች ላይ» የምትለዋ አነጋገር ትልቅ በር ትታለች፤ ሕጉ ስላልነካው ጉዳይ 3347ኛው ቍጥር የሚለው የለውምና። ፍትሐ ነገሥትን መምህራኑ ዛሬም በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ለተማሪዎቻቸው ይተረጕማሉ። በ1995 የወጣው ሕገ መንግሥትም በ34ኛው አንቀጹ፣ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ፣ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ አይከለክልም። ስለዚህ ጓደኞቻችን የአባቶች ሕግ ተሽሯል ወይስ አልተሻረም እያሉ ሲከራከሩ ብንሰማ፣ እኛ መልሰን የምንጠይቃቸው በየትኛው ጉዳይ ብለን ነው።