የንግሥቲቱ ጎዳና በሻርሎት አማልያ

በካሪብያን ባሕር ካሉት ወደቦች መካከል፣ በታላላቅ የሽርሽር መርከቦች የሚጓዙ ሰዎች ወርደው በእግራቸው እየተዘዋወሩ ከቀረጥ ነጻ የሆነ ዕቃ በመግዛት የሻርሎት አማልያን ያህል የሚያውቁት ከተማ ጥቂት ነው። ይህች ከተማ ዛሬ በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የምትገኘው የቅዱስ ቶማስ ደሴት መዲና ናት። መርከቦቹ ከሚቆሙበት ከሃቨንሳይት እስከ ገበያው ጎዳና ያለው ርቀት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ጠዋት የወረደ እንግዳ የባሕሩን ዳር ይዞ ቢራመድ ሳይደክም ይደርሳል። ደርሶም የወርቁን፣ የአልማዙን፣ የሰዓቱንና የሽቶውን መደብር በግራና በቀኝ ተሰልፎ ሲያይ፣ ይህ ሁሉ ለጎብኚ ሲባል በቅርብ የተዘጋጀ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ገበያው ከሦስት መቶ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ያለው፣ ግድግዳውም ስለ ሰው ልጅ መከራና ክብር የሚመሰክር ነውና፣ ገዢ የሆነ ሁሉ ከዋጋው ጋራ ታሪኩን ሊያውቅ ይገባዋል።

እንግዳው ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ አስቀድሞ የሚያገኘው በቀይ ቀለም የተቀባውን የክርስቲያን ምሽግ ነው። የዴንማርክ የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ በ1671 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከንጉሥ ክርስቲያን 5ኛ ፈቃድ ተቀብሎ፣ በሚከተለው ዓመት ሰዎቹን በደሴቲቱ ባሰፈረ ጊዜ ይህን ምሽግ ማነጽ ጀመረ። በሥሩ የተመሠረተችውም መንደር በመጠጥ ቤቶቿ ምክንያት ታፕሁስ ስትባል ኖራ፣ በ1691 በንጉሡ ሚስት በንግሥት ሻርሎት አማልያ ስም ተሰየመች።

ደሴቲቱ ተራራማ ስለሆነች ለሸንኮራ አገዳ እርሻ እምብዛም አልተመቸችም፤ ነገር ግን ፈጣሪ ጥልቅና ከማዕበል የተጠበቀ ወደብ ስለሰጣት፣ እርሻው የነፈጋትን ንግድ ካሳት። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስፓንያ በየጊዜው በጦርነት ሲተላለቁ፣ ዴንማርክ ብዙውን ጊዜ ገለልተኛ ሆና ስለምትቆይ፣ በሌላ ስፍራ ተገናኝተው ሊገበያዩ የማይችሉት የጠላት አገር ነጋድያን በዚህ ወደብ ያለ ፍርሃት ተገናኝተው ሸቀጣቸውን ይለዋወጡ ነበር። በ1764 የዴንማርክ መንግሥት ቅዱስ ቶማስን ለአሕዛብ ሁሉ መርከብ የተከፈተ ነጻ ወደብ አድርጎ ባወጀ ጊዜ፣ ልማዱ ሕግ ሆነ፤ ይህም ሕግ ዛሬ ጎብኚው ለሚገዛው ዕቃ የዋጋ መርከስ ጥንተ ምክንያት ነው።

ከምሽጉ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዋናው መንገድ በዴንማርክ ቋንቋ ድሮኒንገንስ ጋደ፣ ማለት የንግሥቲቱ ጎዳና ይባላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተደጋጋሚ ቃጠሎ ከተማይቱን ስላጠፋት፣ ነጋድያኑ መጋዘኖቻቸውን በድንጋይና በጡብ፣ ግድግዳቸውን አወፍረው፣ በሮቻቸውን በቅስት ሠርተውና በከባድ የብረት መዝጊያ አጽንተው እንደገና አነጹ። እነዚህ መጋዘኖች ከዋናው መንገድ ተነሥተው እስከ ባሕሩ ዳር የሚዘልቁ ረጃጅም ሕንጻዎች ስለሆኑ፣ ከጀልባ የወረደው በርሜልና ጆንያ በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ይሸጥ ነበር። ዛሬ የቀለበትና የሐብል ማሳያ መስተዋት የተደረደረው በእነርሱ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ያሉትም ጠባብ መተላለፊያዎች ለእግረኛ ጥላና ማረፊያ ሆነዋል። በ1838 በዚያች ከተማ መድኃኒት መሸጥ የጀመረው የዴንማርኩ ተወላጅ የአልበርት ሪሰ ስምም በመደብር ላይ እስከ ዘመናችን ተጽፎ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ጎዳናውን የሚያደንቅ ሰው በምዕራቡ ጫፍ ወዳለው የገበያ አደባባይ ሳይደርስ ቢመለስ፣ ከታሪኩ ዋናውን ክፍል ሳያነብ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ አትክልትና ፍራፍሬ በሚሸጥበት፣ ለሕዝብ መብት በተሟገተው በጋዜጠኛው በሮትስቻይልድ ፍራንሲስ ስም በሚጠራው በዚህ አደባባይ፣ ከአፍሪካ ጠረፍ በሰንሰለት ታስረው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እንደ ዕቃ ለሽያጭ ቆመዋል። ዴንማርክ የባሪያ ንግድን ከ1803 ጀምሮ ብትከለክልም ባርነቱን ራሱን አላስቀረችም ነበር፤ እስከ ሐምሌ 3 ቀን 1848 ድረስ፣ በጎረቤቲቱ በሳንታ ክሩዝ ደሴት ባሮቹ በዛጎል መለከት ተጠራርተው፣ ቡዶ በሚባለው መሪያቸው አማካይነት በፍሬደሪክስተድ ምሽግ ፊት ተሰብስበው አርነታቸውን እስኪጠይቁና ገዢው ፔተር ፎን ሾልተን ነጻ መውጣታቸውን እስኪያውጅ ድረስ፣ ሰው የሰው ገንዘብ ሆኖ ቆየ። እንግዲህ ሸቀጡ ነጻ ከወጣበት ከ1764 እስከ 1848 ድረስ፣ ሸቀጡን በራሱ የተሸከመው ሰው ሰማንያ አራት ዓመት በባርነት ቆየ፤ ለዕቃ የተሰጠው ነጻነት ለፍጡረ እግዚአብሔር መዘግየቱ የዚያን ዘመን ፍርድ ምን ያህል ከርትዕ የራቀ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ያችው ከተማ ግን ነፍስን የሚያበሩ ልጆችንም ወልዳለች። ከጎዳናው በላይ ባለው ኮረብታ፣ በ1833 የታነጸ፣ ወለሉ አሸዋ የሆነ የአይሁድ ምኵራብ አለ፤ በ1781 የእንግሊዝ ጦር የሲንት ዩስታሽስን ደሴት በዘረፈ ጊዜ ብዙ አይሁድ ነጋድያን ወደ ቅዱስ ቶማስ ተሰደው ነበር። ከዚህ ማኅበር ከአንድ ባለሱቅ ቤት በ1830 የተወለደው ካሚል ፒሳሮ በኋላ በፓሪስ የታወቀ ሠዓሊ ሆነ። በዚያው ሰፈር፣ በ1832፣ ከነጻ ጥቁሮች ወገን የተወለደው ኤድዋርድ ዊልሞት ብላይደን ደግሞ፣ በአሜሪካ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት ቢከለከልም ወደ ላይቤርያ ተሻግሮ፣ ቋንቋዎችን ተምሮ፣ ለአፍሪካውያን ክብር ብርቱ ጠበቃ ሆነ። ይህ ሊቅ ቅዱስ ዳዊት ኢትዮጵያ እጆቿን ስለ መዘርጋቷ የተናገረውን ቃል ለአንድ ታላቅ ንግግሩ ርእስ አድርጎ፣ አፍሪካ ለዓለም ስላበረከተችው አገልግሎት አስተምሯል፤ ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን የዚያችን ሩቅ ወደብ ስም በፍቅር ልናነሣ ይገባናል።

ከአርነት በኋላም ድካሙ አላበቃም። በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ቅዱስ ቶማስን የድንጋይ ከሰል መቅጃቸው ባደረጓት ጊዜ፣ ከሰሉን በቅርጫት አድርገው በራሳቸው ላይ ተሸክመው መርከብ የሚሞሉት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ በ1892 ደመወዛቸው ዋጋው በወደቀ የሜክሲኮ ብር ሲከፈላቸው፣ ኮዛያ የምትባል ሴት መርታቸው በአደባባይ ተቃወሙ። ከዚያም በኋላ አሜሪካ ቅዱስ ቶማስንና ጎረቤቶቿን ደሴቶች ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ ገዝታ በመጋቢት 31 ቀን 1917 ተረከበቻቸው፤ ሆኖም ከራሷ የጉምሩክ ክልል ውጭ ስላቆየቻቸው የጥንቱ የነጻ ወደብ ሥርዓት ዘለቀ። ከኩባ አብዮት በኋላ ወደ ሐቫና ይጎርፍ የነበረው አሜሪካዊ ጎብኚ ፊቱን ወደ ሌሎች ደሴቶች ሲያዞር፣ የንግሥቲቱ ጎዳና እንደገና ደመቀ። ከሌላ አገር የሚመለስ አሜሪካዊ በተለመደው ሕግ ቀረጥ ሳይከፍል ይዞ የሚገባው የ800 ዶላር ዕቃ ሲሆን፣ ከእነዚህ ደሴቶች የተመለሰ ግን እጥፉን፣ ማለት የ1600 ዶላር ዕቃ እንዲያስገባ ተፈቅዶለታል።

በርካሽ መግዛት ነውር አይደለም፤ የደሴቲቱም ሕዝብ ከዚህ ንግድ እንጀራውን ያገኛል። ነገር ግን መንግሥት የተወው ቀረጥ የዕቃውን ሙሉ ዋጋ አያስረዳም፤ የቀረውን አስቀድመው በጉልበታቸውና በዕንባቸው የከፈሉ ሰዎች አሉና። ስለሆነም ከመርከብ የሚወርድ እንግዳ ጊዜው አጭር ቢሆን እንኳ፣ ከመደብሮቹ ደጃፍ ሳይመለስ እስከ ገበያው አደባባይ ይራመድ፤ በዚያ ተቀምጠው ፍሬ ከሚሸጡት የእነዚያ ተሸካሚዎች ልጆችም ይግዛ፤ ልጆቹንም ካስከተለ፣ በዚያ ቦታ የሆነውን ሳይሸሽግ ይንገራቸው።